ዘንጉ ሳይሰበር ድምፁ ይሰማ

ስለ ቆዩ የገጠር መኪናዎች የኋላ አክስል ዘንግና ኩሽኔታ አለዋወጥ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር






በምሥረታ በዓል ቀን ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ አዲስ መጋዘንና ስለ ገበያ ትስስር መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር ግን በአንድ አሮጌ ፒካፕ የኋላ ጎማ ውስጥ ስለሚገኝ የብረት ዘንግና በላዩ ላይ ስለተቀመጠው ኩሽኔታ ነው። ርዕሱ ለእንዲህ ያለ ቀን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ምርጥ ዘር በወቅቱ ያልደረሰለት ገበሬ፣ የእንስሳት መድኃኒት ሲጠብቅ ላሙ የሞተችበት አባል፣ መኪና ጠፍቶ ምርቱ በማኅበሩ ደጅ የሰነበተበት ሰው የነገሩን ክብደት ያውቀዋል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ወሩ ሰኔ ነው። ዝናቡ ገብቷል፤ ማሳው ታርሶ ዘር ይጠብቃል። የአንድ ዩኒየን አሮጌ ፒካፕ ከመጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ዘር ያመላልሳል። ሾፌሩ ከኋላ በግራ በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ መስማት ከጀመረ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ለስምሪት ክፍሉም ተናግሯል። ያገኘው መልስ «ይህችን ዙር ጨርስና ይታያል» የሚል ነው። ያ ዙር ሲያልቅ ሌላ ዙር ይተካል። በመሐሉም መኪናው ለዘመቻ ሥራ ለሦስት ቀን በትውስት ይሄዳል። የወሰደው አካል ነዳጁን ሞልቶ ይመልሳል፤ ስለ ድምፁ ግን የሚጠይቅ የለም። በመጨረሻም አንድ ቀን በጭነቱ ላይ አራት ሰዎች ተሳፍረው ቁልቁለት ሲወርድ ዘንጉ ይሰበርና ጎማው ከነታምቡሩ ወጥቶ ከመኪናው ቀድሞ ገደል ይገባል። ታምቡሩ ሲወጣ የፍሬን ዘይቱም ስለሚፈስ ፔዳሉ ቢረገጥ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ የአራቱ ሰዎች ሕይወት የተንጠለጠለው በዕድል ላይ ነው።

ይህ ምሳሌ የቀረበው የማንንም ዩኒየን ስም ለማንሳት አይደለም። የቀረበው አንድ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ነው። ድምፁን ሾፌሩ ሰምቷል፤ ስምሪት ክፍሉ ተነግሮታል፤ መኪናውን የተዋሰውም ሰምቶታል። ሁሉም ከሰማው መኪናውን ለምን ማንም አላቆመውም?

የዘንጉና የኩሽኔታው ሥራ

የኋላ አክስል ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ተነሥቶ እስከ ጎማው የሚደርስ ጠንካራ ብረት ነው። በውስጠኛው ጫፉ ያሉት ጥርሶች ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይገባሉ፤ በውጪው ጫፍ ደግሞ ጎማው ይታሰርበታል። ኩሽኔታው ዘንጉ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር ይይዘዋል። ጎሚኒው፣ ብዙዎች ኦይል ሲል የሚሉት፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ፍሬኑ እንዳይወጣ ይከላከላል።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ የዩኒየን አመራር ሊያውቀው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። የኋላ አክስል በሁለት ዓይነት መንገድ ይሠራል። እንደ ላንድክሩዘር 75 እና 79 ፒካፕ፣ እንደ ላንድሮቨር 110 ባሉ ከባድ መኪናዎች ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ሲሆን ዘንጉ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። በሬው ይጎትታል፣ አህያው ይሸከማል ማለት ነው። በቆዩት የሃይሉክስ ፒካፖችና በመሰሎቻቸው ግን ዘንጉ ጎማውንም ያዞራል፣ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል። ይህም የእርሻና የጭነት ሥራን በአንድ በሬ ላይ እንደመጫን ነው።

ልዩነቱን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በኋላ ጎማው መሐል ላይ በዙሪያው ዳዶ ወይም ቡሎን የታሰረበት ወደ ውጭ የወጣ ክብ ብረት ከታየ ዘንጉ ክብደት የማይሸከም ዓይነት ነው። ይህ ዘንግ ቢሰበር ጎማው በቦታው ይቆያል። መኪናው በፊት ጎማዎቹ መጎተት የሚችል ከሆነም ቀስ ብሎ ወደ ከተማ ሊመለስ ይችላል። መሐሉ ለስላሳ ሆኖ የጎማው ቡሎኖች በቀጥታ ከዘንጉ ራስ የወጡ ከሆነ ግን ዘንጉ ተሸካሚ ነው። እሱ ከተሰበረ ጎማው ሊወጣ ይችላል። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የሚሰማ ድምፅ ለነገ አይባልም።

ኩሽኔታው አስቀድሞ ምን ይናገራል?

ኩሽኔታ በአንድ ቀን አይሞትም። የመጀመሪያው ምልክት ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ማጉረምረም ነው። ሾፌሩ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን ቢለቀው ድምፁ ከሞተሩ ጋር ካልቀነሰ ችግሩ ከሞተር አይደለም። ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሣ የሚለዋወጥ ፉጨት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዲፈረንሻል ነው። ጥርሰ ትልልቅ የጭቃ ጎማ ራሱ ስለሚጮህ፣ ከአስፋልት ወደ አፈር ሲወጣ ድምፁ የሚጠፋ ከሆነ ጎማው መጠርጠር አለበት። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ድምፁ ከበረታ የግራው ኩሽኔታ ነው የሚፈለገው። ወደ ግራ ሲታጠፍም እንዲሁ ቀኙ ይታያል።

ሁለተኛው ምልክት ዘይት ነው። በኋላ ጎማው የውስጥ ገጽ ላይ ወደ ታች የወረደ የዘይት መስመር ከታየ ጎሚኒው አልፎበታል። ዘይቱ የፍሬን ሸራውን ስለሚነካ በዚያ በኩል ፍሬኑ ይደክማል ወይም መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከጉዞ በኋላ የሁለቱም ኋላ ጎማዎች መሐል እጅን በማስጠጋት ሲነጻጸር አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚግል ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ። አራተኛው ልቅነት ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ቋ ካለ፣ ወይም አንድ እጅ በባሌስትራው ላይ ተደርጎ ጎማው ሲዞር እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ስሜት ከተሰማ ኩሽኔታው አልቋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ዕቃው ከተሟላና ፕሬስ ካለ ሥራው ልምድ ላለው መካኒክ ከአንድ ቀን አያልፍም። ከዚህ በታች የሚቀርበው በቆየ ሃይሉክስ ዓይነት አክስል ላይ ያለው አሠራር ነው። ዝርዝሩ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ አብሮ መታየት አለበት።

መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ወይም ሽብልቅ ይደረግባቸዋል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን በመሆኑ እነሱ ከመሬት ከተነሡ በኋላ መኪናውን አያቆመውም። የጎማው ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ እያለ ይላላሉ። ከተነሣ በኋላ ከሥሩ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ይገባል። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው።

ከዚያ የዲፈረንሻሉ ዘይት በንጹሕ ዕቃ ይወርዳል። ዘይቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የብረት ፍንካች ካለበት ችግሩ ከኩሽኔታው አልፎ ሊሆን ይችላል። ጎማው ወጥቶ የእጅ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ ታምቡሩ ይወጣል። አልወጣ ካለ በመዶሻ አይደበደብም፤ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት የቡሎን ቀዳዳዎች ተስማሚ ቡሎን እያፈራረቁ ሲያስገቡ ታምቡሩ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። በውስጡ ያለው ብናኝ በአፍም ሆነ በአየር መንፋት የለበትም። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችልና ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

የፍሬን ቧንቧውና የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይለያያሉ፤ የቧንቧው ጫፍ አቧራ እንዳይገባበት ይደፈናል። ከፍሬኑ ሳህን ጀርባ ያሉት አራት ዳዶዎች ሲፈቱ ዘንጉ ከነሳህኑና ከነኩሽኔታው ቀጥ ብሎ ይሳባል። ሲወጣም ሆነ ሲገባ ክብደቱ በእጅ ተደግፎ መያዝ አለበት፤ ጥርሶቹ በውስጠኛው ጎሚኒ ላይ ከተጎተቱ አዲሱንም ጎሚኒ ይቀዱታል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራው እምብርት ነው። ኩሽኔታውን የያዘው ቀለበት ይወጣና ዘንጉ በፕሬስ ከኩሽኔታው ይለያል። በአንዳንድ ሞዴሎች ቀለበቱ በኃይል የገባ ስለሆነ በጥንቃቄ ተሞርዶና በመሮ ተሰንጥቆ ይወጣል። በጋዝ እሳት መቁረጥ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ዘንጉ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተደረገለት የሙቀት ሕክምና ነው፤ እሳት ይህን ጥንካሬ ያበላሸዋል። በዚሁ ምክንያት የተሰበረ ዘንግ ተበይዶ ዳግም ጭነት አይሸከምም። የተበየደ ዘንግ በግቢ ውስጥ ሊዞር ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሰው የጫነ ዕለት ግን በብየዳው አጠገብ ይለቃል።

አዲሱ ኩሽኔታ ሲገባ አንድ ሕግ ይከበራል፤ ኃይል በኩሽኔታው ኳሶች በኩል ማለፍ የለበትም። ዘንጉ ላይ ሲገባ የውስጠኛው ቀለበት ይገፋል፤ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የውጪው ቀለበት። ኩሽኔታውን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማስገባት በቀለበቱ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ያበጃል። መኪናው ከጋራዥ ጸጥ ብሎ ይወጣና ብዙም ሳይሄድ ድምፁ ይመለሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏል ይህ ነው። በአቅራቢያ ፕሬስ ከሌለ ዘንጉን ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስገባት ያዋጣል።

አሮጌው ዘንግ ከመመለሱ በፊት ይመረመራል። ጥርሶቹ የተጠማዘዙ ከሆነ፣ ስንጥቅ ካለ፣ ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦታ በጥፍር የሚያዝ ጎድጓዳ መስመር ካወጣ ወይም በቶርኖ ላይ ሲዞር የሚወላገድ ከሆነ መተካት አለበት። በጎደጎደ ዘንግ ላይ አዲስ ጎሚኒ ዘይት አይይዝም። ጎሚኒዎቹ በአዲስ ይቀየራሉ፤ የድሮውን አጥቦ መመለስ ቁጠባ አይባልም። የድሮው ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ገብቶ እንደነበር ይለካል፤ አዲሱም በዚያው ልክ፣ ቀጭኑ ሽቦ ያለበት ከንፈር ወደ ዘይቱ ዞሮ፣ ከንፈሩ ግራሶ ተቀብቶ ይገባል። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ፍሬኑ እኩል እንዲይዝ የግራውም የቀኙም አብረው ይቀየራሉ።

ሁሉም ሲገጣጠም ዳዶዎቹ በመጽሐፉ በተሰጠው ልክ ይጠብቃሉ፣ የፍሬኑ አየር ይወጣል፣ ለዲፈረንሻሉ የታዘዘው ዘይት መሙያ ቀዳዳው አፍ እስኪደርስ ይሞላል። ዘይት ከልኩ በላይ መሙላት ጎሚኒን ይገፋል እንጂ ጥቅም የለውም። መኪናው ባዶውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሙቀቱና ፍሬኑ ይታያል፤ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላም ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ትንሽ ነገር አለ። በአክስሉ ቤት አናት ላይ አየር የሚያስተነፍስ ትንሽ ቀዳዳ ይገኛል። በጭቃ ሲደፈን በውስጥ የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በጎሚኒው በኩል ይገፋዋል። ይህ ቀዳዳ ካልተጠረገ አዲሱም ጎሚኒ እንደ አሮጌው ያፈሳል። የጋለ አክስል ወንዝ ሲገባ ደግሞ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ጥልቅ ወንዝ ያቋረጠ መኪና ዘይቱ ይታይ።

ርካሹ ኩሽኔታ ለማን ረከሰ?

በማኅበራት ቤት ዕቃ የሚገዛው በውድድር ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰብና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ደንቡ የአባላትን ገንዘብ ከምዝበራ ለመጠበቅ የወጣ በመሆኑ መከበር ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው መጠየቂያው ላይ «የኋላ ጎማ ኩሽኔታ፣ ብዛት 1» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ነው። እንዲህ ከተጻፈ ዋናውን ዕቃ ያቀረበውና አስመስሎ የተሠራውን ያቀረበው በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፤ የሚያሸንፈውም የታወቀ ነው። የግዥ ሠራተኛው ደንብ አላፈረሰም፣ ኮሚቴውም በትክክል ፈርሟል። የተጎዳው ግን ያው አባሉ ነው።

መፍትሔው ደንቡን መተው አይደለም፤ መጠየቂያውን በሚገባ መጻፍ ነው። የመኪናው ሞዴልና የሻንሲ ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ ተቀባይነት ያላቸው አምራቾች፣ የዋስትና ጊዜ ይገለጽ። ከኩሽኔታው ጋር ጎሚኒዎቹና መያዣ ቀለበቱ አብረው ይጠየቁ። ከዚያ በኋላ መስፈርቱን ባሟሉት መካከል ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፍ። ዕቃው ሲገባ መካኒኩ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከመጠየቂያው ጋር ያመሳክር። የወጣው አሮጌ ዕቃ ለንብረት ክፍል ተመልሶ ይመዝገብ፤ በእርግጥ መቀየሩ የሚረጋገጠው በዚህ ነው።

የጋራ ንብረት ባለቤት

ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቀው መግለጫ ከማኅበሩ ካፒታል ቢያንስ የተወሰነው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የማኅበሩ የጋራ ንብረት እንደሆነ አስፍሯል። ያ አሮጌ ፒካፕም ከዚህ የጋራ ንብረት አንዱ ነው። የጋራ ንብረት የሁሉም ነው ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። በምሳሌው ላይ ድምፁን ሁሉም ሰምቶ ማንም መኪናውን ያላቆመው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ገበሬ የገዛ በሬው ሲያነክስ ቀንበር አይጭንበትም፤ እግሩን አንሥቶ ያያል። ለጋራው መኪናም የሚጠየቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ይለይ። ሾፌሩ የሰማውን በቃል ሳይሆን በመኪናው መዝገብ ላይ ቀንና ኪሎ ሜትር ጠቅሶ ይጻፍ። ተሸካሚ ዘንግ ባለው መኪና ላይ የኩሽኔታ ልቅነት ወይም የዘይት መፍሰስ ካየ መኪናውን የማቆም መብት ይኑረው፤ በማቆሙም አይወቀስ። ስምሪት ክፍሉ መዝገቡን ሳያይ መውጫ አይፈርም። ሥራ አስኪያጁ ሰኔ ሳይገባ በግንቦት፣ የመኸር ምርት መሰብሰብ ሳይጀምርም በመስከረም መኪናዎቹን ያስፈትሽ፤ አንድ ኩሽኔታና ጎሚኒዎቹ አስቀድመው መጋዘን ይግቡ። የቁጥጥር ኮሚቴው ሒሳብ ሲመረምር የመኪናውን መዝገብም ይግለጥ። ፕሬስ ለብቻ መግዛት የከበዳቸው ጎረቤት ዩኒየኖች በጋራ ቢገዙ የኅብረት ሥራ ዓላማው ራሱ ይህ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

ለተከበራችሁ የወረዳና የዞን ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለ። መንግሥታዊ ሥራ ሲጣደፍ የዩኒየን መኪና መዋስ የተለመደ ነው፤ አባላትም ለልማት ሥራ አይነፍጉም። ነገር ግን የተዋሰ ሰው መኪናውን ሲመልስ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ያየውንና የሰማውንም ይመልስ። በመዝገቡ ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር አንዳንድ ጊዜ ከሙሉ ታንከር ነዳጅ ትበልጣለች። ሾፌሩ «መኪናው ይቆማል» ሲልም እንደ እምቢተኝነት አይታይበት።

የምሳሌው መኪና ገና ገደሉ ጋ አልደረሰም። ድምፁ ከተሰማ ሁለት ሳምንት ነው፤ ዘሩ ተጭኗል፣ አራቱ ሰዎች ለመሳፈር ቆመዋል። በዚህ ሰዓት አንድ ሰው መኪናውን ቢያቆም ዘሩ አንድ ቀን ይዘገያል። ማንም ካላቆመው ግን የሚመጣው ነገር ከዘር መዘግየት ያልፋል። ያ አንድ ሰው ማን እንደሚሆን በየዩኒየኑ ዛሬ ይወሰን።